ፈተናውና ወጪው፦ ልጆቻችንን ለከፍተኛ ትምህርት ስለ ማዘጋጀት

ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ሲነጋገሩ ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው ሲነሡ እንሰማለን። አንደኛው «ልጄ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያልፍልኝ ይሆን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ቢያልፍስ በምን አስተምረዋለሁ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ለተማሪውና ለመምህራኑ፣ ሁለተኛው ለአባትና ለእናት የተተወ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሒሳብ መሆናቸውን ነው። ተማሪው በፈተናው የሚያገኘው ነጥብ ቤተሰቡ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያወጣውን ገንዘብ ይወስናል፤ ቤተሰቡ ገንዘቡንና ጊዜውን ያዋለበት ዓመትም በበኩሉ ነጥቡን ይወስናል። ልጁ 12ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ብቻ መጨነቅ የሚጀምር ቤት፣ ሳያስበው ከሁሉ ውዱን መንገድ መርጧል ማለት ይቻላል።

ጽሑፉን በቅድሚያ ያዘጋጀነው ለወላጆች ነው። ይሁን እንጂ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም እንዲያነቡት እንሻለን። ወጣቶቹን በየሳምንቱ የሚያገኟቸው፣ የየቤቱንም ችግር ከማንም ይልቅ ቀርበው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

«መንግሥት ያስተምረዋል» የሚለው አባባል ከየት መጣ?

በዕድሜ የገፋን ሰዎች እስከ ዛሬ «ማትሪክ» እያልን የምንጠራው ፈተና ስሙን የወረሰው በጊዜው የአገራችን ተማሪዎች ይቀመጡበት ከነበረው ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የማትሪኩሌሽን ፈተና ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ያደራጁትና በመጀመሪያ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ሉሲየን ማት እንደ ነበሩ ብዙ ምእመናን አያውቁም። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ቀደም ሲል በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ የሚለብሱትም እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ከረባት እንጂ የክህነት ልብስ አልነበረም። በዚያን ዘመን ኮሌጅ የሚገቡት ተማሪዎች እጅግ ጥቂቶች ስለ ነበሩ መንግሥት ትምህርቱን፣ ምግቡንና መኝታውን ችሎ ያስተምራቸው ነበር። ይኸው አሠራር በደርግ ዘመንም ቀጠለ። «ዩኒቨርሲቲ ከገባ መንግሥት ያስተምረዋል» የሚለው አባባል በየቤቱ ሥር የሰደደው ከዚህ የተነሣ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን አባባሉ እውነት አይደለም፤ ስለዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ በስፋት እንመለስበታለን።

የፈተናው አሠራርም ተለውጧል። በ1990ዎቹ የተጀመረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሲሰጥ ቆይቶ ቀርቷል። ብዙ ወላጆች ፈተናው በመቅረቱ እፎይ ብለዋል። እኛ ግን አንድ ነገር ልብ እንዲባል እንፈልጋለን። የ10ኛ ክፍል ፈተና ከባድ ቢሆንም የማስጠንቀቂያ ደወል ነበረ፤ ልጁ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ምን ያህል እንደ ደከመ ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው ለቤተሰቡ ይነግር ነበር። ዛሬ ከ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ተማሪው በውጭ መዛኝ ፊት የሚቆመው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። በመካከሉ ያሉት አራት ዓመታት በትምህርት ቤት ውጤት ብቻ የሚለኩ ናቸው። የትምህርት ቤት ውጤት ደግሞ፣ መምህራኑን ሳንነቅፍ፣ አንዳንድ ጊዜ ለጋስ ነው። በሪፖርት ካርዱ 85 እያየ የኖረ ልጅ በብሔራዊው ፈተና 38 ሲያይ የሚደነግጠው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም ጭምር ነው።

አራት ዓመት፣ አራት ቁጥር

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ሲሆን የለውጡ ምክንያት በቀደሙት ዓመታት የተስፋፋው ኩረጃና የፈተና ስርቆት ነበር። ውጤቱ በጥር ወር ይፋ ሲደረግ ከ896 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ይህም 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዙር 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ እያደገ መሆኑ መልካም ነው። ቢሆንም በመጨረሻው ቁጥር እንኳ ብንሄድ፣ ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ማለፊያውን አላገኙም ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዘን «የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንስማማበትም። እነዚህ ልጆች በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት ውስጥ የዋሉ፣ አንዳንዶቹም በጦርነት መካከል ያደጉ ናቸው። ከሁሉም በላይ፣ ለዓመታት በኩረጃ ተሸፍኖ የቆየው የትምህርት ድክመት የተገለጠው በእነርሱ ተራ ነው። ዕዳውን ያከማቹት ሌሎች፣ የከፈሉት እነርሱ ናቸው።

ከስድስቱ ፈተናዎች ሦስቱ

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ እንለፍ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በአፕቲትዩድ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በአፕቲትዩድ፣ በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በኢኮኖሚክስ ይፈተናል። እያንዳንዱ ከ100 ሲታሰብ ጠቅላላው 600፣ ማለፊያው 300 ነው።

ዝርዝሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው አንድ ነገር ይታየናል። በሁለቱም መስክ ከስድስቱ ሦስቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ናቸው። የአፕቲትዩድ ፈተና በአንድ በኩል የቃላትና የንባብ ማስተዋልን፣ በሌላ በኩል የቁጥር ማስተዋልን የሚለካ እንጂ የራሱ መጽሐፍ ያለው የትምህርት ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከ600ው 300ው የተንጠለጠለው በሁለት ችሎታዎች ላይ ነው ማለት ነው፤ ይኸውም እንግሊዝኛን አንብቦ በመረዳትና በማስላት ላይ። የቀሩት ሦስቱም ቢሆኑ በእንግሊዝኛ የሚጠየቁ ናቸው። የታሪክን ትምህርት በሚገባ የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን ሳይረዳው ሲቀር፣ የወደቀው በታሪክ ሳይሆን በቋንቋ ነው።

እነዚህ ሁለት ችሎታዎች ደግሞ በ12ኛ ክፍል በሁለት ወር ቱቶሪያል የሚገኙ አይደሉም። በብዙ ቤት የምናየው ልማድ ልጁ ከ7ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለ ረዳት ቆይቶ፣ 12ኛ ክፍል ሲገባ ቤተሰቡ ተበድሮም ቢሆን አስጠኚ መቅጠር ነው። አስጠኚው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚያገኘው ልጅ የክፍልፋይ ስሌት ያልጠራለት፣ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ነው። ያንኑ ገንዘብ፣ እንዲያውም ከዚያ ያነሰውን፣ በ8ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ላይ ማዋል እጅግ የተሻለ ነው። ገንዘብ ለሌለው ቤት ደግሞ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ልጁ በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፉ ሁለት የእንግሊዝኛ ገጾች ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ያልገባውን ቃል በደብተር ይመዝግብ፤ ያነበበውን በአማርኛ ለእናቱ ይተርክ። እናቱ እንግሊዝኛ ባታውቅም ትረካው ስሜት የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን ትለያለች። ይህ አሠራር ቀላል ቢመስልም ልጁ ቃላትን ሸምድዶ ሐሳቡን እንዳይስት ይጠብቀዋል።

በሒሳብም እንዲሁ ነው። የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ሲከብደው ወደ 11ኛው፣ እርሱም ሲከብደው ወደ 9ኛውና ወደ 8ኛው ወርዶ የተሰበረውን ደረጃ መፈለግ ያስፈልጋል። ወደ ታች መውረድ ተማሪውን ሊያሳፍረው ስለሚችል፣ የሚያስጠናው ሰው ይህን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ሥራው አካል አድርጎ ቢነግረው ይጠቅማል። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች መሥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን መልሱን አጠገብ አስቀምጦ መሥራት ጊዜ ማጥፋት ነው። ተማሪው ሰዓት ይዞ፣ መልሱን ሳያይ ይሥራ፤ ከዚያም የሳተውን ብቻ ለይቶ ምክንያቱን ይጻፍ። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ሞዴል ፈተናም በዚሁ መንፈስ ሊታይ ይገባል። ልጁ በሞዴሉ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያመጣ መቆጣት የቀረችውን ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒውተር መፈተን መጀመሩንም አንርሳ። በቤቱ ከተንቀሳቃሽ ስልክ በቀር ሌላ መሣሪያ አይቶ የማያውቅ ልጅ በፈተናው ዕለት ማውዝ ይዞ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ቀደም ብሎ ጥቂት ሰዓታት ቢለማመድ ይበቃዋል። በቁምስና ጽሕፈት ቤት የሚገኝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርም ለዚህ ሊያገለግል ይችላል። በምዝገባ ጊዜ የተማሪው ስም በፊደል ስህተት እንዳይመዘገብ ወላጅ ራሱ ቢያየው ደግሞ ኋላ ከብዙ ምልልስ ይድናል።

ጀሪካኑና ደብተሩ

ስለ ጥናት ጊዜ ስንናገር ሳናነሣው የማናልፈው ጉዳይ የሴቶች ልጆቻችን ነገር ነው። በጀሞና በሌሎችም የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚመጣው በሌሊት እንደ ሆነ የሚኖርበት ያውቀዋል። ቧንቧው ከላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ሲቀር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ማን ነው? በአብዛኛው ሴቷ ልጅ ናት። እንጀራውን የምትጋግረው፣ ታናናሾቿን የምታጥበው፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላውም እርሷ ናት። ወንድሟ በዚያው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያጠናል፤ ወይም አጠናለሁ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ከዚያም ውጤት ሲመጣ «እርሷ ትምህርት አልሆነላትም» እንላለን። በሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ ስንት የጥናት ሰዓት እንደሚደርሰው በወረቀት ላይ ጽፎ ማየት ለአንዳንድ ቤት አስደንጋጭ ይሆናል፤ ቢሆንም ይጻፍ እንላለን። የቤቱ ሥራ በተራ ሲከፋፈል ጀሪካኑ ለወንዱም አይከብደውም።

ቁምስና በዚህ ረገድ ሊያደርግ የሚችለው ከሁሉ ቀላሉ ነገር አዳራሹን መክፈት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ የሚያጣው መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ጸጥታና የሚቀመጥበት ቦታም ነው። በሳምንት አራት ምሽት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ መብራትና ወንበር ያለው አዳራሽ፣ በበሩም ላይ ስልክ የሚቀመጥበት ሣጥን ቢኖር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ጎልማሳ ግን ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የቁምስናው ወጣቶች ተራ ገብተው በወር አንድ ቅዳሜ አንድ ከባድ ምዕራፍ ቢያስረዱ፣ ለታናናሾቻቸው ከአስጠኚ የማያንስ ጥቅም ይሰጣሉ። ሴቶች ልጆች ከመሸ በኋላ ብቻቸውን ወደ ቤት እንዳይመለሱ የሚሸኛቸውን ሰው አስቀድሞ መወሰን ይገባል፤ ይህ ሳይታሰብ ቀርቶ በሁለተኛው ሳምንት የሴቶች ወንበር ባዶ መሆን የለበትም።

ስለሚሸጠው ፈተና

በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ በመውጣቱ የዚያ ዓመት ፈተና ተሰርዞ እንደ ገና ተዘጋጅቶ በዚያው ክረምት መሰጠቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፈተናው ሲቃረብ «ትክክለኛው ፈተና በእጃችን ነው» እያሉ በቴሌግራም ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አልጠፉም። ለሚከፍለው ሰው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የቆየ ወርክሺት ነው። እውነተኛ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ስርቆት ይሆናል፤ የሚሰረቀውም ያለ መብራት ያጠናው የሌላ ቤት ልጅ ወንበር ነው። ለዚህ ነገር ገንዘብ የሚሰጡት ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ ወላጆችም መሆናቸውን ማድበስበስ አይገባም።

የወጪ መጋራት ውል

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቁጥር 91/1995 የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን ደነገገ፤ በሥራ ላይ የዋለውም በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነው። በዚህ ደንብ መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶውን ይጋራል። ገንዘቡን በቅድሚያ መክፈል ይችላል፤ አብዛኛው ተማሪ ግን ውል ፈርሞ ከተመረቀና ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቀነሰ ይከፍላል። ደንቡ ዕዳው በአገልግሎት የሚተካበትንም መንገድ አስቀምጧል፤ በመምህርነት የሚያገለግሉ ምሩቃን ለዚህ ቀዳሚ ምሳሌ ናቸው።

ብዙ ተማሪዎች ይህን ውል የሚፈርሙት በምዝገባ ግርግር መካከል፣ ሳያነቡት ነው። ወላጆቻቸውም ውሉ መኖሩን የሚሰሙት ልጁ ተመርቆ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ሲጠይቅና «መጀመሪያ የወጪ መጋራትህን ጨርስ» ሲባል ነው። የዕዳውን መጠን በምሳሌ እንየው። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። አንድ ተማሪ በዓመት 300 ቀን በግቢው ውስጥ ቢመገብ 30,000 ብር ይሆናል፤ በአራት ዓመት 120,000 ብር። ይህ እንግዲህ የምግቡ ብቻ ነው። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ምሩቅ 10 ከመቶውን፣ ማለትም 1,000 ብር፣ በየወሩ ቢከፍል የምግቡን ዕዳ ብቻ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። ስሌቱ ለማስፈራራት አይደለም። ወለድ የሌለውና ሥራ ከተገኘ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ከአራጣ ብድር ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። ዕዳ መሆኑ ግን ይታወቅ፤ የውሉም ቅጂ በቤት ውስጥ፣ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ይቀመጥ። የብሩ መጠን በየጊዜው ስለሚለወጥ የሚታመነው በዚያ ዓመት የሚፈረመው ቅጽ ነው። በአዲስ አበባ የተመደበና ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ልጅ ደግሞ ያልበላው ምግብና ያልተኛበት መኝታ በስሙ እንዳይመዘገብ ቅጹን በጥንቃቄ ይሙላ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ወደ መስጠትና ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን ወደ መቀበል አልፏል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ተጨማሪ የመግቢያ ፈተና ሲሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ ከቤቱ ሳይርቅ መማር የሚፈልግ የክፍለ ከተማችን ልጅ ብሔራዊው ፈተና ካለፈ በኋላ ሁለተኛ ፈተና ሊጠብቀው እንደሚችል፣ ለማመልከቻም ቀነ ገደብ እንዳለው አስቀድሞ ይወቅ። ወደ ክልል የሚመደበው ደግሞ ትራንስፖርት፣ ብርድ ልብስ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የወረቀት ማባዣና የስልክ ወጪ ይኖርበታል። በየወሩ የሚላክለት ገንዘብ በቤቱ በጀት ውስጥ ካልገባ፣ ልጁ ወይ ይራባል ወይ ይበደራል።

የግል ኮሌጅ ከመምረጥ በፊት

ልጁ 50 ከመቶ ሳያገኝ ሲቀር ቤተሰቡ የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ ወደ ግል ኮሌጅ ነው። በመግቢያችን ውድ ያልነው መንገድ ይህ ነው። የግል ተቋማት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስማቸውን በሥራቸው ያስከበሩ አሉ። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ተምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ በተሰጠው የመጀመሪያው ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አባትየው የቤቱን ጥሪት አሟጦ አራት ዓመት ከፍሎ፣ ልጁ ግን ዲግሪውን ሳይይዝ ሲቀር ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የምዝገባ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ወላጅ ራሱ ሄዶ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። ተቋሙ ልጁ ለሚማርበት መስክና ለሚማርበት ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና አለውን? እውቅናው የሚሰጠው በየመስኩና በየካምፓሱ ስለ ሆነ በሌላ ቦታ ያለው ፈቃድ አይበቃም። በዚያ መስክ ስንት ተማሪዎች ለመውጫ ፈተና ተቀምጠው ስንቱ አለፉ? ክፍያውስ በየዓመቱ ይጨምራልን? በቀጥታ የማይመልስ ተቋም መልሱን ሰጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» የሚባለው መርሐ ግብርም አለ፤ ማለፊያውን ባያገኝም ለመርሐ ግብሩ የተቆረጠውን ነጥብ ያመጣ ተማሪ ለጥቂት ወራት ተምሮና ተፈትኖ ወደ አንደኛ ዓመት ሊገባ ይችላል። ወደ ግል ኮሌጅ ከመሮጥ በፊት ይህ በር መዘጋቱን ማረጋገጥ ብልህነት ነው።

ዕቁቡ ለምን ይውላል?

ቁጠባን በተመለከተ ብዙ የምንለው የለንም፤ ሕዝባችን ዕቁብን ከማንም አልተማረውም። የምንጠይቀው የዕቁቡ ዕጣ ስንት ጊዜ ለልጅ ትምህርት እንደ ዋለ ብቻ ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ በወር 500 ብር ማስቀመጥ የጀመረ ቤተሰብ፣ ልጁ 12ኛ ክፍልን እስኪጨርስ በ48 ወራት 24,000 ብር ይኖረዋል። የኑሮ ውድነት ዋጋውን ቢቀንሰውም፣ ወደ ክልል ለሚሄድ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ጉዞና አልባሳት ይሸፍናል፤ ወላጅንም በመስከረም ወር ከአበዳሪ ደጅ ያድነዋል። ለሠርግና ለተዝካር የሚወጣውን ገንዘብ በዚህ ስፍራ ማንሣት የማይወዱ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። እኛም ስንኖርበት የኖርን ነንና ጨክነን አንናገርም፤ ሆኖም ሒሳቡን ሁሉም በቤቱ ይሥራው።

ማለፊያውን ስላላገኙት

ስለ ፈተና በሚሰጡ ትምህርቶች ሁሉ የሚረሱት ብዙኃኑ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ውጤት እንኳ ከ100 ልጆች 92 ያህሉ ከማለፊያው በታች እንደ ቀሩ አይተናል። በክፍለ ከተማችን የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ሌሎችም የሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ። ሠልጣኙ በደረጃ እየተመዘነ፣ የብቃት ምዘናውን ወይም «ሲኦሲ» የተባለውን ፈተና እያለፈ ያድጋል። አሳዛኙ ነገር ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ወደዚህ የሚልኩት እንደ ቅጣት መሆኑ ነው። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው፣ መኪና የሚጠግነው፣ ብረት የሚበይደው ሰው በየሰፈራችን ሲፈለግ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ይህን እያወቅን ልጃችን ሙያ ሲማር ለጎረቤት መናገር እናፍራለን። ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ፣ ውጤት ከመምጣቱ በፊት፣ ከአባቱ ጋር ሄዶ የኮሌጁን ወርክሾፕ ቢጎበኝ፣ መንገዱን ራሱ እንደ መረጠው ሊሰማው ይችላል።

ውጤት የሚገለጥበት ሳምንት ለየቤቱ ከባድ ነው። ልጁ ውጤቱን የሚያየው በስልኩ፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ሆኖ ነው። በዚያ ሳምንት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቤቱ እንዲዘልቁ አደራ እንላለን። «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጠይቀው እነርሱ ቢተውት ይሻላል። ይዘው ቢሄዱ የሚጠቅመው የሬሜዲያሉን፣ የዩኒቨርሲቲውን መግቢያ ፈተናና የፖሊ ቴክኒኩን የምዝገባ ቀናት የያዘ አንድ ወረቀት ነው። ቀናቱ አጭር ናቸው፤ ያዘነ ልጅ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ አያነብም።